ከሞራው ጀርባ ምን አለ?

ስልካችሁን ስታገላብጡ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ነርሷ ፋሻውን ቀስ አድርጋ ታነሳለች። ሁለት ሦስቴ ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት የቆመውን ልጃቸውን አይተው እልልታቸውን ያቀልጡታል። ከሥሩ ‹‹ተመስገን››፣ ‹‹አልሃምዱሊላህ››፣ ‹‹ሐኪሞቻችን ክበሩልን›› የሚል አስተያየት ይጎርፋል። እንዲህ ያለው ደስታ የውሸት አይደለም። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩትና ጥሩ ውጤት ከሚያስገኙት ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ነው።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ‹‹እትዬ እከሊት ኦፕራሲዮን ተደርገው የነበረቻቸውንም ብርሃን አጧት››፣ ‹‹ጋሼ እከሌ ሞራው ወጥቶላቸውም አላዩም፤ ድካም ብቻ ነው›› ይባላል። ይሄም ወሬ አንዳንዴ እውነት አለው። ቲክቶክ ላይ ግን አይወጣም፤ የሚዞረው በቡና ላይ ነው። ከዚያ አያታችን ይሰሙትና ‹‹ልጄ፣ ባለችኝ ብርሃን ልሙት፤ አትነካኩኝ›› ብለው ቁጭ ይላሉ። መዳን የሚችል ዓይን በዚህ ምክንያት ዓመታት ያልፉታል።

ሁለቱን ታሪኮች የሚለያያቸው ምንድነው? ብዙ ሰው ‹‹የሐኪሙ እጅ›› ይላል። እጅ ወሳኝ መሆኑ አይካድም። ግን ከእጅ እኩል የሚወስን ሌላ ነገር አለ፤ ሞራው ያለበት ዓይን ውስጥ ሌላ ምን ሕመም ነበር? ሌላ ሕመም ያለበት ዓይን ሞራው ሊወጣለት ይችላል ወይ ከተባለ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ነው። ሆኖም ዝግጅቱ ይለያል፣ አደጋው ይለያል፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚጠበቀው ብርሃንም ይለያል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ጉዳዩ ዱብ ዕዳ አይሆንበትም።

ሌንሱና ካሜራው

ዓይናችን ውስጥ፣ ብርሃን ከሚገባበት ጥቁር ቀዳዳ ጀርባ፣ ልክ እንደ ስልካችሁ ካሜራ ሌንስ አለ። በጤናው ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ አንዳንዴም በስኳር በሽታ፣ በአደጋ ወይም ስቴሮይድ ያለበትን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በመጠቀም ይደፈርሳል። ሞራ የምንለው ይህንን የደፈረሰ ሌንስ ነው። በጠብታ አይሟሟም፤ በመነጽርም አይጠራም። ሐኪሙ ዓይኑን አደንዝዞ በጠባብ ቀዳዳ ይገባና የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው አሮጌው ተጠቅልሎበት በነበረው ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ይህችን ከረጢት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ካሜራ ግን ሌንስ ብቻ አይደለም። ከፊት ብሌኑ አለ፤ ሰዎች ሲያልፉ እንዲለገስ ቃል የሚገቡት መስታወት መሰል ክፍል ማለት ነው። ከኋላ ምስሉን የሚቀበለው ሬቲና አለ። ከሬቲናው ወደ አንጎል ምስሉን የሚያደርስ የዕይታ ነርቭ አለ። ሴንሰሩ የተቃጠለ ስልክ ላይ አዲስ ሌንስ ብታስገጥሙለት ፎቶው አይጠራም። የዓይንም ነገር እንደዚያው ነው።

በአገራችን ደግሞ ሞራ ብቻውን አይመጣም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። የዚህ ግማሽ ያህሉ መንስኤ ሞራ ነው። በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ድርሻ ነበራቸው። በሠንጠረዥ ላይ ለየብቻ ይጻፉ እንጂ፣ እነዚህ ሕመሞች ‹‹ይሄ ዓይን ተይዟል›› ብለው የሚያልፉ አይደሉም። አንድ ዓይን ሁለቱንም ሦስቱንም ሊሸከም ይችላል።

‹‹ብርሃኑ ከየት ነው?››

ሐኪም ከሞራው ጀርባ ያለውን ከሚገምትባቸው መንገዶች አንዱ ቀላል ባትሪ ነው። አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው ላይ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝና ከግራ እያበራ ‹‹ብርሃኑ ከየት ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። ሞራ የቱንም ያህል ቢነጣ ብርሃንን ጨርሶ አያጠፋም። ወፍራም መጋረጃ ቢዘጋም መንጋቱን እንደምታውቁት ማለት ነው። ስለዚህ ሞራ ያለባቸው ሰው ብርሃን መኖሩን ካላወቁ፣ ወይም ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ካቃታቸው፣ ጥፋቱ የሞራው ብቻ አይደለም። ሬቲናው ወይም ነርቩ ተጎድቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ሞራው ነጥቶ ወደ ኋላ ማየት ሲከለክል ደግሞ በአልትራሳውንድ ሬቲናው ከቦታው አለመላቀቁ ይታያል።

ይህንን ቤት ውስጥ በስልክ መብራት እየሞከራችሁ ፍርድ እንድትሰጡ አይደለም። ነገር ግን አያታችሁ ‹‹ነጭ ጭጋግ ነው የሚታየኝ›› ሲሉና ‹‹ድቅድቅ ጨለማ ነው›› ሲሉ ልዩነት እንዳለው እወቁ። ሁለተኛውን ከሰማችሁ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትለፉ።

ግላኮማ፦ የሄደው አይመለስም

ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ከፍ ከማለቱ ጋር ተያይዞ የዕይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። ሕመም ሳያሰማ ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። ሰውየው በር መቃን መግጨት ሲጀምሩ ቤተሰቡ ‹‹ሞራ ነው፣ ይወጣላቸዋል›› ይላል። ሞራው ይወጣል፤ መሃሉ ይጠራል፤ ዳር ዳሩ ግን እንደጨለመ ይቀራል። በነርቩ ሞት የጠፋ ዕይታ በቀዶ ጥገና አይመለስም። ‹‹ኦፕራሲዮኑ አጠፋቸው›› ከሚባሉት ታሪኮች ውስጥ ቀድሞውኑ በግላኮማ ተጎድተው የነበሩ ዓይኖች አሉ።

ይህ ማለት ግላኮማ ያለበት ሰው ሞራው አይነካ ማለት አይደለም። እንዲያውም በዓይናቸው ውስጥ ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ የጠበበባቸው ሰዎች ላይ ወፍራሙን ሌንስ ማውጣት ግፊቱን ሊቀንስ ይችላል። አንዳንዴም ሐኪሙ የሞራውንና የግላኮማውን ቀዶ ጥገና በአንድ ላይ ይሠራል። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ግፊቱ ቀድሞ መለካትና መውረድ አለበት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ግፊቱ ሊያሻቅብ ስለሚችል ቀጠሮ አይዘለልም። ለማስታገሻ የሚታዘዘው ጠብታ ስቴሮይድ ስለሚኖረው እሱም በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ሲያልቅ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ በራስ ፈቃድ መቀጠል የለም። ትልቁ ስህተት ደግሞ ‹‹ሞራዬ ወጣ፣ ዳንኩ›› ብሎ የግላኮማውን ጠብታ መተው ነው። ሞራ ይወጣል፤ ግላኮማ ግን አብሮ የሚኖር በሽታ ነው።

ትራኮማ፦ መጀመሪያ ቆቡ፣ ቀጥሎ ሞራው

ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ያለው ሰው ወረንጦ ለምን እንደሚያዝ ያውቃል። በተደጋጋሚ ትራኮማ የተጠቃ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠብስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፀጉሩ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ብሌኑን ይቧጭራል። ቤት ውስጥ በወረንጦ ይነቀላል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ ብሌኑ ይጠብሳል።

እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ቀጥታ ሞራውን ለማውጣት መቸኮል አደገኛ ነው። የታጠፈው ሽፋሽፍት ቁስሉን ይነካዋል፤ ዓይናር የማይለየው ቆብም የተህዋስያን መጠራቀሚያ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ተህዋስ ዓይን ውስጥ ከገባ የሚፈጠረው ኢንፌክሽን ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም፣ ከደረሰ በቀናት ውስጥ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ሲጫኑት መግል የሚወጣቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የእንባ ከረጢታቸው መጀመሪያ መታከም አለበት። ስለዚህ ‹‹ለሞራ ሄደው ቆባቸውን ሠርተው መለሷቸው›› ብላችሁ አትናደዱ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ቆቡ ይስተካከላል፣ ይድናል፣ ከዚያ ሞራው ይወጣል።

የብሌን ጠባሳ ካለ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ጠባሳው ዳር ላይ ከሆነ ሞራውን ማውጣት ጥሩ ጥቅም ይሰጣል። መሃል ላይ ከሆነ ግን ሐኪሙም ወደ ውስጥ አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል፤ ታካሚውም በጭጋጋማ መስኮት እንደማየት ይሆንባቸዋል። ያም ሆኖ ምንም ከማያዩ ሰው ሰውና ዕቃ እየለዩ መንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ነው። ‹‹እንደ ወጣትነትዎ ያያሉ›› ተብለው ለገቡ ግን ይኼው ውጤት ክህደት ይመስላል።

ስኳር፦ ከኋላ ያለው ግድግዳ

የስኳር በሽታ ሞራን ያፈጥናል። ችግሩ በዚያው ጊዜ ሬቲናውንም መጉዳቱ ነው። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፣ መሃሉ ያብጣል። ይህ እብጠት ሳይታከም ሞራው ቢወጣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሊባባስ ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንት ደህና ያዩት ሰው ተመልሰው ‹‹ደበዘዘብኝ›› ይላሉ። ስለዚህ ሬቲናው መታየት እስከተቻለ ድረስ ቀድሞ ይመረመራል፤ ካስፈለገም በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይታከማል። ሞራው ከመወፈሩ የተነሳ ሬቲናው ካልታየ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞራውን ማውጣት ራሱ ለሬቲናው ሕክምና መንገድ መክፈቻ ይሆናል።

የደም ስኳሩም ጉዳይ ነው። ከፍ ብሎ የከረመ ስኳር ቁስልን ያዘገያል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ እራት በመዝለል አይስተካከልም፤ የሳምንታት ሥራ ነው።

አመድ የመሰለው ነገርና የላላችው ከረጢት

አሁን ወደ ከረጢቷ እንመለስ። ሌንሱን የያዘችው ከረጢት በዙሪያዋ እንደ ድንኳን ገመድ በተወጠሩ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥላለች። በአንዳንድ አረጋውያን ዓይን ውስጥ አመድ ወይም ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ሌንሱ ላይና ቀዳዳው ዳር ላይ ይከማቻል። ብናኙ ክሮቹን ያዳክማል፣ ቀዳዳው በመድኃኒት እንኳ በደንብ እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ግላኮማም ይጠራል። እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ለሞራ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ከተያዘላቸው ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ከሦስቱ ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ ይህ ብናኝ መገኘቱን አሳይቷል።

ለቀዶ ሐኪሙ ይህ ማለት በጠባብ በር ገብቶ በላላ ገመድ ላይ መሥራት ነው። ከረጢቷ ልትቀደድ፣ ሌንሱ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይችላል። ቀድሞ ያወቀ ሐኪም ቀዳዳውን የሚያሰፋ መሣሪያ፣ ከረጢቷን የሚደግፍ ቀለበት፣ ሌላ ዓይነት ሌንስ በመጠባበቂያ ያዘጋጃል፤ ወይም ልምድ ወዳለው ባልደረባው ይልካል። ሳያውቅ የገባ ግን መሃል ላይ ይደነግጣል። ልዩነቱ ያለው ከቀዶ ጥገናው በፊት በተደረገው ምርመራ ላይ ነው።

ከዓይን ውጪ የሚመስል ነገርም እዚህ ይገባል፤ የአባቶች የፕሮስቴት መድኃኒት። ሽንት ለማቅለል የሚወሰደው ታምሱሎሲን በቀዶ ጥገና ጊዜ የዓይኑ ቀለማማ ክፍል እንዲልፈሰፈስና ቀዳዳው እንዲጠብ ያደርጋል። ሐኪሞች ይህን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መድኃኒቱን ከጥቂት ቀን በፊት ማቆም ችግሩን አያስቀርም፤ በራስ ማቆምም ሌላ ጣጣ ያመጣል። የሚያስፈልገው ለሐኪሙ መናገር ብቻ ነው። አባቶች ግን ስለ ሽንት መድኃኒት በልጆቻቸው ፊት ማውራት ያፍራሉ። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ለብቻቸው የሚያወሩበት ደቂቃ ስጧቸው።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ዓይናቸው ውስጡ ተደጋግሞ እየቀላና እየታመመ ብግነት የሚነሳባቸው ሰዎች፣ ብግነቱ ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል ጸጥ ማለት አለበት። በጣም ወፍራም የሩቅ ማያ መነጽር ሲያደርጉ የኖሩ፣ ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያዩ ሰዎች ደግሞ ሬቲናቸው ስለሚሳሳ ከቀዶ ጥገና በኋላም የመላቀቅ አደጋው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ድንገት የብልጭታ ወይም የጥቁር ነጠብጣብ መብዛት ካዩ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው።

‹‹አይሆንም አሉኝ››

ነፃ የሞራ ዘመቻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አለ። እናታችን በጠዋት ተሰልፈው ይመረመራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሳይሠራላቸው ተመልሰው ‹‹አይሆንም አሉኝ፣ ዓይኔ አይድንም›› ይላሉ። ቤተሰቡም ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ግን ማንም አላነበበውም። ወረቀቱ ላይ የግላኮማ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል መላካቸው፣ ወይም ስኳራቸው ወርዶ እንዲመለሱ መባሉ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። በዘመቻ ላይ አንድ ሐኪም በቀን ብዙ ዓይን ይሠራል። ውስብስብ የሆነውን ዓይን በዚያ ጥድፊያ አለመንካትና ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ጥሩ ሕክምና እንጂ ማባረር አይደለም። ወረቀቱን አንብቡት፤ ፎቶ አንሱት፤ ተከታተሉት።

የሚያየው ዓይን አንድ ብቻ ለሆነ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ትንሽ አደጋ እንኳ ዋጋው ትልቅ ነውና ከጊዜያዊ ጣቢያ ይልቅ የተሟላ ምርመራና ክትትል ያለበት ቦታ ይመረጥ።

መፍራትና መጠበቅ ግን አንድ አይደሉም። ‹‹ገና ነው፣ ይብሰል›› የሚለው የድሮ ምክር ዛሬ አይሠራም። ዓመታት የቆየ ሞራ ይደድራል፣ ለማውጣትም ይከብዳል። አብጦ ድንገተኛ የግፊት መጨመር ሊያመጣም ይችላል። ላላ ያለ ክር ላይ የደደረ ሞራ ከተጨመረበት ደግሞ ሥራው የባሰ ይከብዳል። ሌላ ሕመም ያለበት ዓይን ቀድሞ መታየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ስልካችሁ እዚህ ይግባ

እናንተ ሐኪም መሆን አይጠበቅባችሁም። አብራችሁ የምትሄዱት ግን እናንተ ናችሁ። ከቀጠሮው በፊት እቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የስኳሩን፣ የግፊቱን፣ የደም ማቅጠኛውን፣ የፕሮስቴቱን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ጠብታ ጭምር፣ ካርቶኑን ፎቶ አንሱ። ለሐኪሙ አሳዩት እንጂ በራሳችሁ ምንም አታስቁሙ። ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች ማስታወሻ ላይ ጽፋችሁ ግቡ፦

– ከሞራው ሌላ ዓይናቸው ውስጥ ምን አለ? የዓይን ግፊታቸው ተለክቷል? ሬቲናቸው ታይቷል?

– ቀድሞ መታከም ያለበት ነገር አለ?

– በእሳቸው ዓይን ላይ ከሌላ ሰው የተለየ አደጋ ምንድነው? ለዚያስ ምን ተዘጋጅቷል?

– ሁሉ ነገር ቢሳካ ምን ያህል ያያሉ? ማንበብ? ሰው መለየት? ወይስ ደጅ መውጣት?

– ከቀዶ ጥገናው በኋላ የትኛው ጠብታ ይቀጥላል፣ የትኛው ይቆማል? ቀጠሮው መቼ ነው?

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መልሶች አያታችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ድገሙላቸው። የጠብታውን ሰዓት በስልካችሁ ማንቂያ ሙሉት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትናንት ይታይ የነበረው ዛሬ ከደበዘዘ ‹‹ነገ ይሻለዋል›› አትበሉ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሠራላቸው ሆስፒታል ውሰዷቸው። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ‹‹ይሄ ምንድነው?›› ማለት የሚያባክነው ሰዓት ዓይን ሊያስከፍል ይችላል።

የፋሻው ቪዲዮ ደስ ይላል፤ ሼር አድርጉት። ቀጥሎ ግን እናታችሁን ‹‹ዓይንሽን ለመጨረሻ ጊዜ የታየሽው መቼ ነው?›› ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ‹‹ምን አላየሁም እንዴ!›› ከሆነ ቀጠሮ የምታስይዙት እናንተ ናችሁ።